ናስ (NAS) ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለቤትና ለትንሽ ቢሮ የኔትወርክ ማከማቻ አመራረጥ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ናስ ገዝቶ የተማረረ ሰው ማግኘት አይከብድም። አንዱ "በጣም ይንቀራፈፋል" ይላል። ሌላው "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልነሳ አለኝ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ሁለት ዲስክ ካለው አይጠፋም ተብዬ ነበር፣ ፋይሉ ግን የለም" ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። መጀመሪያ ሳጥኑ ይገዛል። ከዚያ በተረፈው ብር ዲስክ ይፈለጋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ) "ቀስ ብሎ" ይባላል። ሁለተኛ ቅጂ ጭራሽ አይታሰብም። ይህ መመሪያ በተቃራኒው ይሄዳል፦ መጀመሪያ ዳታው፣ ከዚያ መስመሩ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ ዲስኩ። ሳጥኑ የሚመረጠው እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው። እባካችሁ ደረጃ አትዝለሉ።

ለአዲስ አንባቢ፦ ናስ የምንለው ዲስክ የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ነው። በኬብል ራውተር ወይም ስዊች (ብዙ የኔትወርክ ኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ይሰካል። ቢሮው ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ እሱ ላይ ይጽፋል፣ ከእሱ ያነባል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ፣ እንከን የሌለው አንድ ካት 6 ኬብል፣ ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው የዲስክ ጤና የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም፣ ዲስክን በዩኤስቢ ለማገናኘት የሚሆን አስማሚ። አስማሚው ከሌላችሁ ሻጩ ጋር ይኖራል።

## ደረጃ 1፦ ያላችሁን ዳታ ለኩ

በግምት አትነሱ። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። የሥራ ፎልደሮቹን መርጣችሁ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፣ "ፕሮፐርቲስ" ውስጥ ግቡና መጠኑን ወረቀት ላይ ጻፉ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮችና ፍላሾች አትርሱ።

ቀጥሎ በዓመት ስንት እንደሚጨምር አስሉ። የጽሑፍና የሒሳብ ሥራ ለሚሠራ ቢሮ ይህ ጥቂት ጊጋባይት ነው፤ ብዙ አትጨነቁበት። ፎቶና ቪዲዮ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) የሚቀረጽ 4ኬ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። በጥር ሰርግ ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ቢቀርጽ 540 ጊጋባይት ነው። ይህ እንግዲህ የአንድ ሰርግ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ለደንበኛ ካስረከበ በኋላ ጥሬውን የሚያጠፋ ፎቶ ቤት አሁን 1.8 ቴራባይት አለው፣ በዓመት 1 ቴራ ይጨምራል እንበል። በሦስት ዓመት 4.8 ቴራ ይደርሳል። ማከማቻ ከ80 በመቶ በላይ እንዲሞላ አይመከርም፤ ስለዚህ 4.8ን ለ0.8 አካፍሉ። 6 ቴራ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 6 ቴራ ዲስክ ይገዛል። ዲስክ አምራቾች በ1,000 ይቆጥራሉ፣ ዊንዶውስ ግን በ1,024 ነው የሚቆጥረው። 6 ቴራ የተባለው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 5.45 ሆኖ ይታያል። 8 ቴራው 7.27 ይሆናል። ለዚህ ፎቶ ቤት የሚሆነው 8 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የምትሠሩት ብቻችሁን፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ ዳታችሁም ከ1 ቴራ በታች ከሆነ ናስ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ጥሩ ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ፣ በየሳምንቱ እያፈራረቃችሁ ገልብጡ፣ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ። የተረፈውን ብር ሌላ ሥራ ሥሩበት።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ ማስጠንቀቂያ። የካምፓኒውን ዳታ ናስ ላይ አስቀምጣችሁ በቀጥታ ከዚያ አትክፈቱ። ፒችትሪ ዳታውን የሚያስተዳድረው ከጀርባ በሚሠራ የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ ዳታው ባለበት ማሽን ላይ መሥራት አለበት። ናስ ላይ አይሠራም። ዳታው አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ይኑር፣ ማታ ማታ የባክአፕ ፋይሉ ናስ ላይ ይቀመጥ። ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ዳታ ሲበላሽ የሚመጣውን ጭንቀት የቀመሰ ሰው ይህን አይዘነጋም።

## ደረጃ 2፦ መስመሩን ፈትሹ

"ይንቀራፈፋል" የሚለው ቅሬታ ሥሩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ቢሮዎች ውስጥ በብዛት የምታገኙት ሁለት ዓይነት መስመር ነው፦ 100 ሜጋቢትና 1 ጊጋቢት። 500 ጊጋባይት ፋይል በጊጋቢት መስመር፣ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል። በ100 ሜጋቢት መስመር ፍጥነቱ ወደ 11 ሜጋባይት ይወርዳል። ያው ፋይል ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሳጥኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አይለውጥም።

1. ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩ። ዋይፋዩን አጥፉ።
2. ዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ሊንክ ስፒድ" የሚለውን አንብቡ። 1000 ካለ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።
3. 100 ካለ ኬብሉን በአዲሱ ካት 6 ቀይሩና ድገሙ።
4. አሁንም 100 ከሆነ ሌላ ላፕቶፕ ሞክሩ። ያም 100 ካለ ችግሩ የራውተሩ ፖርት ነው።

ኬብሉን በዓይናችሁም እዩት። ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሩት። በጠራው ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ፦ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ እያንዳንዱም ነጭ ከተቀላቀለበት ጓዱ ጋር። ስምንቱም ከመዳቡ ጥርስ ሥር ድረስ መግባት አለባቸው። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ ብቻ ነው። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ሽቦ ቢበጠስ ኢንተርኔቱ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ማንም ልብ አይልም። ናሱ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታየው።

ራውተሩ ደካማ ከሆነ አትቀይሩት። ባለ 5 ፖርት የጊጋቢት ስዊች ግዙ። ኮምፒውተሮቹንና ናሱን ስዊቹ ላይ ሰኩ፤ ከስዊቹ ወደ ራውተሩ አንድ ኬብል ብቻ ይሂድ። በኮምፒውተርና በናስ መካከል የሚሄደው ፋይል ራውተሩን አይነካውም።

ናሱ ራሱ ሁልጊዜ በኬብል ይሰካ። ላፕቶፖች በዋይፋይ ቢገቡ ችግር የለውም፤ ቪዲዮ የሚቆርጠው ኮምፒውተር ግን እሱም በኬብል ይሁን።

## ደረጃ 3፦ መብራቱን አስቡበት

እኛ አካባቢ ናስን የሚገድለው አንደኛው ነገር መብራት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል የፋይል መዝገቡ ግማሽ ላይ ይቀራል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዩፒኤስ የናሱ አካል ነው። ለዩፒኤስ ብር ካልተረፋችሁ ናሱን አሁን አትግዙ፣ ትንሽ ጠብቁ።

ስታብላይዘር ዩፒኤስን አይተካም። ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይዝም።

ዩፒኤስ ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ።

የዳታ መሰኪያ። ዩፒኤሱ ለናሱ "መብራት ጠፍቷል፣ ተዘጋጅ" ብሎ መንገር አለበት። ይህን የሚናገረው በዩኤስቢ ኬብል ነው። ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። የምትፈልጉት ፕሪንተር ላይ እንደሚሰካው ዓይነት አራት ማዕዘን መሰኪያ ነው። ኤፒሲን የመሳሰሉ አንዳንድ ሞዴሎች የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ የሚመስል የዳታ መሰኪያ ከራሱ ልዩ ኬብል ጋር አላቸው፤ ያ ኬብል ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ጠፍጣፋ ዩኤስቢ ብቻ ካለው ለስልክ ቻርጅ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን አስሞክሩት። ርካሽ ዩፒኤሶች ብዙዎቹ ምንም የዳታ መሰኪያ የላቸውም።

አቅም። ባለ ሁለት ዲስክ ናስ ሲሠራ 20 ዋት ገደማ ይበላል። ከራውተርና ከስዊች ጋር 35 ቢሆን ነው። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ይበቃዋል። ለባለ አራት ዲስኩ 1,000 ቪኤ ይሁን።

ስምምነት። የናሱ አምራች የሚደግፋቸውን ዩፒኤሶች ዝርዝር ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን እዚያ ፈልጉት።

ናስ፣ ራውተርና ስዊች ብቻ ዩፒኤሱ ላይ ይሰኩ። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አትሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ዲቫይደር እያራዘማችሁ የቢሮውን ዕቃ ሁሉ እሱ ላይ አታንጠልጥሉ።

ናሱ ሲገባ ሴቲንጉን እንዲህ አድርጉ፦ መብራት በጠፋ በ5 ደቂቃ ውስጥ ራሱን በሥርዓት ይዝጋ። መብራቱ ሲመጣ ደጋግሞ የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ በራሱ እንዲነሳ አታድርጉት። መብራቱ መርጋቱን አይታችሁ በእጅ አብሩት። የዩፒኤስ ባትሪ በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማልና ለመቀየሪያውም በጀት ያዙ።

## ደረጃ 4፦ ስንት ዲስክ?

ሬይድ የሚባለው ዲስኮችን አስተባብሮ አንዱ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም የማድረጊያ ዘዴ ነው።

- ሬይድ 1፦ ሁለት ዲስክ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። ሁለት ባለ 8 ቴራ ቢገባ የምታገኙት 8 ነው። አንዱ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል።
- ሬይድ 5፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ዲስክ። የአንዱ ቦታ ለጥበቃ ይሄዳል። አንድ ዲስክ ቢሞት ይቋቋማል።
- ሬይድ 6፦ አራትና ከዚያ በላይ። የሁለት ዲስክ ቦታ ይሄዳል፣ ሁለት ቢሞት ይቋቋማል።
- ሬይድ 0፦ አትንኩት። ቦታው ይበዛል፣ አንዱ ሲሞት ግን ሁሉም ይጠፋል። አንዳንድ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥኖች ከፋብሪካ በዚህ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ገና ስትከፍቱት አረጋግጡ።

ለቤትና እስከ አምስት ሰው ለሚሠራበት ቢሮ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን በሬይድ 1 ይበቃል። ሥሌቱ ቀላል ነው፣ ሲበላሽም ለመረዳት ቀላል ነው። ከ12 ቴራ በላይ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ቤት ወደ ባለ አራቱ ይሂድ።

አንድ ነገር በደማቁ ጻፉ፦ ሬይድ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ቫይረስ የቆለፈው ፋይል ሁለቱም ላይ እኩል ይቆለፋል። ሬይድ የሚያድናችሁ ከዲስክ ሞት ብቻ ነው።

## ደረጃ 5፦ ዲስኩን ምረጡ

ከአቅማችሁ ትልቁን ድርሻ እዚህ ላይ አውሉት።

ለናስ የተሠሩት ሲጌት አይረንዎልፍ፣ ዌስተርን ዲጂታል ሬድ ፕላስና ሬድ ፕሮ፣ ቶሺባ ኤን300 ናቸው። የሚፈለገው ሲኤምአር የሚባለው የአጻጻፍ ዘዴ ነው። ኤስኤምአር የሚባለው ሌላኛው ዘዴ መስመሮቹን በከፊል አደራርቦ ስለሚጽፍ አንድ ቦታ ለመለወጥ ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ አለበት። ለተራ ማስቀመጫ ይሆናል። ሬይድ ውስጥ የሞተ ዲስክ ተተክቶ ዳታው ሲገለበጥ ግን ወገቡ ይሰበራል፤ ሥራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ስሙን በጥንቃቄ አንብቡ። "ሬድ" እና "ሬድ ፕላስ" አንድ አይደሉም። ከ2 እስከ 6 ቴራ ያሉት አንዳንድ "ሬድ" ዲስኮች ኤስኤምአር መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የታወቀው። ሻጭ "ሁሉም ያው ነው" ቢላችሁ የሞዴል ቁጥሩን በስልካችሁ አንስታችሁ ከአምራቹ ገጽ ጋር አስተያዩ።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ለጥበቃ ካሜራ የተሠሩትን ነው፦ ፐርፕልና ስካይሃውክ። እነዚህ ቪዲዮ ሳያቋርጡ ለመጻፍ የተቃኙ ናቸው። ጨርሶ ሌላ ከጠፋ ይሠራሉ፣ አንደኛ ምርጫ ግን አይሁኑ። ለዴስክቶፕ የተሠሩትን ተዉ።

ከፍታ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክፍተቱ ይጠባል። ለዚህ ነው አምራቾች ሲሠራ ከ3,050 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሆን የሚጽፉት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ወልድያና ላሊበላም ከልኩ በታች ናቸው፤ አትስጉ። ቢሯችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ የወሎ ደጋ ላይ ከሆነ ግን የዲስኩን መግለጫ አይታችሁ ወስኑ። ዳታው ትንሽ ከሆነ ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራ ማከማቻ) ይሻላል፤ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም።

ሙቀት። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና መርሳ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ብዙ የናስ ሳጥኖች የሚሠሩት የክፍሉ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ይህን ማለፍ ቀላል ነው። ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርጉ፣ ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ የዲስኩ ሙቀት ከ45 እንዳያልፍ ተከታተሉ።

## ደረጃ 6፦ አሁን ሳጥኑን

ያለፉትን ደረጃዎች ከጨረሳችሁ ይህ አጭር ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ሶፍትዌሩ ለጀማሪ የሚቀለው ሲኖሎጂ ነው ባይ ነኝ። ኪውናፕ በተመሳሳይ ዋጋ ጠንከር ያለ ዕቃ ይሰጣል፣ ሴቲንጉ ግን ይበዛል።

ወረቀታችሁ ላይ እነዚህን ጽፋችሁ ምልክት አድርጉ፦

- የጊጋቢት ወይም ከዚያ የፈጠነ ፖርት አለው?
- ስናፕሾት ይደግፋል? ስናፕሾት ማለት ፎልደሩ ትናንት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ የሚያቆይ ነው። በስህተት የጠፋንና ቫይረስ የቆለፈውን የሚመልስላችሁ እሱ ነው። ርካሾቹ ሞዴሎች አንዳንዶቹ የላቸውም።
- የፈለጋችሁትን ዲስክ ይቀበላል? ሲኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣቸው የፕላስ ሞዴሎች የራሱን ዲስክ ብቻ ማስገደድ ጀምሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት በወጣው የሳጥኖቹ ሶፍትዌር፣ ዲኤስኤም 7.3፣ አላልቶታል። የተኳኋኝነት ዝርዝሩን እዩ።
- ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

የመጨረሻውን አትለፉት። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንድ "የቤት ክላውድ" የሚባሉ ሳጥኖች ዲስኩ ጠረጴዛችሁ ላይ ሆኖ ለመክፈት የሩቅ አገር ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ክላውድ አገልግሎት ሲቋረጥ ሰዎች የራሳቸውን ፋይል መክፈት አቅቷቸው ነበር። እንዲህ ያለውን አትግዙ።

## ደረጃ 7፦ ግዢና ጉዞ

1. ሁለቱን ዲስኮች በተቻለ መጠን ከተለያየ ሱቅ ግዙ። አብረው የተመረቱ ዲስኮች እንከን ካላቸው ተከታትለው ሊሞቱ ይችላሉ።
2. ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኩን በአስማሚው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። "ፓወር ኦን አወርስ" የሚለው አዲስ ዲስክ ላይ ዜሮ ወይም በጣም ጥቂት ሰዓት ነው። በሺህ የሚቆጠር ከሆነ ያገለገለ ነው።
3. "ሪአሎኬትድ"፣ "ከረንት ፔንዲንግ" እና "አንኮሬክተብል" የሚሉት የተበላሹ ቦታዎች መቁጠሪያዎች ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች ከፊደል ጋር እየቀላቀለ ሊያሳይ ይችላል፤ አትደናገጡ፣ የምትፈልጉት ዜሮ ብቻ ነው።
4. ሴሪያል ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የሰዓት መቁጠሪያቸው ወደ ዜሮ የተመለሰ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። ቁጥር 2 ላይ ያለው ፍተሻ ብቻውን አይበቃም።
5. ደረሰኝ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ።

ከመርካቶ ገዝታችሁ በመኪና ወደ ደሴ የምትመጡ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዲስኮቹን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ አትጓዙ። ፖርቶ መጋላ ላይ በፍጹም አትጫኑ። በየራሳቸው ማሸጊያ፣ በልብስ ጠቅልላችሁ፣ ጭናችሁ ላይ ያዟቸው። ከደረሳችሁ በኋላ ቶሎ አትሰኩ። በተለይ በክረምት የደሴ ጭጋግ ከውጭ ቀዝቅዞ የገባ ብረት ላይ ውሃ ያዘንባል። ክፍሉ ውስጥ ሌሊቱን ይደሩ።

## ደረጃ 8፦ ዳታ ሳትጭኑ ፈትኑት

አዲሱን ዕቃ ያገኘ ሰው ወዲያው ፋይል መገልበጥ ይፈልጋል። ታገሱ።

1. ዲስኮቹን ከማስገባታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሴሪያል ቁጥር በትንሽ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ማስገቢያው ፊት ላይ ለጥፉ። ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።
2. ሬይድ 1 አዘጋጁ። ከናሱ ሴቲንግ ውስጥ የዲስኩን ጤና የሚመረምረውን ረጅሙን የስማርት ፍተሻ በሁለቱም ዲስክ ላይ አስጀምሩ። ለ8 ቴራ ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳል።
3. ጥቂት የማያሳስቡ ፋይሎች ጫኑ። የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ። ናሱ በ5 ደቂቃ ራሱን ሲዘጋ በዓይናችሁ እዩ። ካልዘጋ የዳታ ኬብሉ ወይም ስምምነቱ ችግር አለበት፤ ሳይስተካከል አትቀጥሉ።
4. አንዱን ዲስክ ንቀሉ። መመሪያው በሥራ ላይ እያለ ይነቀላል የማይል ከሆነ መጀመሪያ ዝጉት። ማስጠንቀቂያው ይጮሃል? ፋይሎቹ ይከፈታሉ? ዲስኩን መልሱና "ሪፔር" በሉ። ይህን ልምምድ ዛሬ በሰላም የሠራ ሰው የእውነቱ ቀን ሲመጣ እጁ አይንቀጠቀጥም።
5. የራውተሩን የኢንተርኔት መስመር ንቀሉ። ናሱ አሁንም መከፈት አለበት።
6. ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ስምና የይለፍ ቃል ስጡ። የአስተዳዳሪውን ስም ለዕለት ሥራ አትጠቀሙ።
7. ስናፕሾት በየቀኑ፣ ቢያንስ የ30 ቀን እንዲይዝ አድርጉ።
8. ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ከኢንተርኔት ወደ ናሱ የሚያስገባ ምንም ፖርት (መግቢያ በር) አትክፈቱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ኪውሎከር፣ በጥር 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባሉ ጥቃቶች የብዙ ሰው የኪውናፕ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ጠይቀዋል። የተጠቁት ለኢንተርኔት የተጋለጡት ነበሩ።

ፋይሎቹን ስትገለብጡ "የፋይሉ ስም ረዝሟል" ብሎ ቢቆም አትደናገጡ። ይህ በአማርኛ ስም ለምንሰጥ ሰዎች የሚመጣ ነው። ናስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ልኩ 85 ፊደል አካባቢ ነው። ሲኖሎጂ ላይ በምስጢር የሚቆለፍ ፎልደር ከሠራችሁ ደግሞ ወደ 47 ሊወርድ ይችላል። የደብዳቤውን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም አታድርጉት፤ ቀንና ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

## ደረጃ 9፦ ሁለተኛው ቅጂ

በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ዝርፊያ ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሬይድም ስናፕሾትም ዩፒኤስም ሳጥኑን አንስቶ የሚሄድን እጅ አይመልሱም።

ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ያዙ። አንዱ ናሱ ላይ ተሰክቶ በየሳምንቱ ማታ በራሱ ይገልብጥ። ሌላው ከቢሮው ውጭ፣ ከተቻለ ሌላ ከተማ ይሁን። የደሴ ቢሮ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት፣ የኮምቦልቻው ደሴ ያስቀምጥ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየወሩ አለዋውጧቸው። ቅጂው በይለፍ ቃል ይቆለፍ፣ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ዲስኩ ከሌለበት ቦታ ይቀመጥ።

ስትለዋውጡ ከተመለሰው ዲስክ ላይ ሁለት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ ማለት አይቻልም።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ናሱ ኔትወርክ ላይ አይታይም። ዲስክ አትንቀሉ። ኬብሉን፣ ቀጥሎ የስዊቹን ፖርት ቀይሩ። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ናሱ የተሰጠውን አድራሻ ፈልጉና በቀጥታ ብራውዘር ላይ ጻፉት። ለወደፊቱ አድራሻው እንዳይቀየር ራውተሩ ላይ አስሩት።

"ከረንት ፔንዲንግ" ከዜሮ ተነስቶ እየጨመረ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ሥራው ይሄዳል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ዛሬውኑ ባክአፕ አድርጉ፣ ምትክ ዲስክ እዘዙ።

አንድ ዲስክ ሞተ። መጀመሪያ ባክአፕ አድርጉ። ከዚያ ናሱ የሚነግራችሁን ሴሪያል ቁጥር ፕላስተሩ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩና ያንኑ ብቻ ንቀሉ። በችኮላ ጤነኛውን የነቀለ ሰው ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። ምትኩ እኩል ወይም የሚበልጥ መጠን ይኑረው። መልሶ መገንባቱ ለ8 ቴራ ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳልና መብራት በማይጠፋበት ቀን ጀምሩት፣ በዚያ ጊዜ ከባድ ሥራ አትሥሩበት።

"ዲስኩ አልተዘጋጀም፣ ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ይጠይቃል። እምቢ በሉ። ዲስኩን ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ጋር ስታገናኙም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ዊንዶውስ የናስን አጻጻፍ ስለማያነብ ነው እንጂ ዳታው የለም ማለት አይደለም።

ሳጥኑ ራሱ ሞተ፣ ዲስኮቹ ደህና ናቸው። የሌላ አምራች ሳጥን ውስጥ አታስገቧቸው። የዚያው አምራች ተመሳሳይ ወይም አዲስ ሞዴል ፈልጉ፣ ዲስኮቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል አስገቡ፣ አሮጌውን ዳታ ይዞ የሚቀጥለውን ምርጫ ብቻ ተጫኑ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ባክአፕም የለም። ወዲያውኑ አጥፉት። ደጋግማችሁ አታብሩት፣ አታንኳኩት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት፣ ክዳኑን አትክፈቱ። በእያንዳንዱ ማብራት የማንበቢያው ራስ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ዲስኩን እንዳለ ጠቅልላችሁ ዳታ የማዳን ሥራ ለሚሠራ ባለሙያ ብቻ ስጡ፤ ከመስጠታችሁ በፊትም ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረውና የትኞቹ ፎልደሮች እንደሚቀድሙ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስረክቡ።